ስማችንን ከመቅደሱ በር እናውርደው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «የክርስትና ሕይወት እንቅፋቶች» የሚል ነው። ትዕቢት፣ ፈተና፣ ራስን መውደድ ተብሎ በሦስት ተከፍሎልኛል። ሦስቱንም እነካለሁ። ግን ከመጀመሪያው ቶሎ የምላቀቅ አይመስለኝም። ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ እንደተፈተነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ስስት፣ ትዕቢት፣ ፍቅረ ንዋይ። የስስቱ ፈተና ምድረ በዳ ላይ ቀረበ። የገንዘቡ ተራራ ላይ። የትዕቢቱስ የት ቀረበ? ቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ! ይህን ልብ በሉልኝ። ዲያብሎስ ለትዕቢት የመረጠው ቦታ መቅደስ ነው። ጥቅስም ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ትዕቢት መጠጥ ቤት የሚጠብቀን አይምሰለን። እዚሁ ደጀ ሰላም ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ነገር ላውራችሁ። ደብሩን አልጠራም፤ ከመካከላችሁ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

ለሕንፃ ማሠሪያ ገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። ድንኳን ተጥሏል። ከፊት ሶፋ ተደርድሯል፤ እሱ ለትልልቅ ሰጪዎች ነው። ሌላው ሕዝብ ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ የተረፈው ፀሐይ ላይ። ማይክ የያዘው ወንድማችን ሕዝብ ማሞቅ ያውቅበታል። «50 ሺህ ብር! እልል በሉ!» ይላል። እልል ይባላል። «100 ሺህ! አሁንማ ቁሙ እንጂ!» ይላል። ሕዝቡ ይቆማል።

በዚህ መሀል አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። ጉሊት የሚሸጡ ናቸው፤ ሽንኩርትና ቃሪያ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው 50 ብር አወጡ። ወደ ፊት ሲራመዱ አንድ አስተባባሪ መንገድ ላይ አስቆማቸው። «እማማ፣ አሁን ከ1 ሺህ በላይ ነው የምንጠራው፤ የእርስዎን በኋላ እንቀበላለን» አላቸው። ቃል አልተነፈሱም። ብሩን መልሰው ቋጠሩት። ከድንኳኑ ወጥተው ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመሩት። በሩን ተሳልመው ሄዱ።

ጌታችን ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ከሁሉ አብልጣ ሰጠች አለ። እኛ ግን መንገድ ላይ አስቆምናቸው!

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። 100 ሺህ የሰጠው ወንድማችን ስሙ በእብነ በረድ ተቀርጾ በሩ ላይ እንደሚለጠፍ ቃል ተገባለት። ሲለጠፍ ሁለተኛ ተጽፎ አገኘው። ከላዩ ሌላ ሰው አለ። ተቀየመ። ሽማግሌ ተላከ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ቤተሰቡን ይዞ ቀረ። ዛሬ ኪዳን የለ፣ ቅዳሴ የለ። ንስሐ አባቱ ሲደውሉለት ስልክ አያነሣም።

ይህን ሰው ማን አጠፋው? ሰይጣን ብቻ ነው አትበሉኝ። ሰውየው መጀመሪያ የመጣው ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ነው። ለእልልታ መስጠትን ያስተማርነው እኛ ነን። ማይኩ የኛ ነው። ሶፋው የኛ ነው። እብነ በረዱን ያስቀረጽነው እኛ ነን!

ከዚህ ጀልባ ይዘን በጣና ሐይቅ ወዳለው ዘጌ እንሄዳለን። የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእን እናያለን። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። የዳነው በምንድን ነው? ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ። ያም ውሃ የተሰጠው በእመቤታችን ስም ነው፤ በበላዔ ሰብእ ስም አይደለም። የቆሎ ተማሪውም በየደጃችን ሲቆም «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው የሚለው። የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው መሆኑን አይነግረንም። በእርሷ ስም ይለምናል፣ በእርሷ ስም እንሰጣለን። ይህን ሥርዓት ይዘን ያደግን ሰዎች ነን በራሳችን ስም መስጠት የጀመርነው።

አንድ ወንድሜ «እቴጌ ምንትዋብስ ናርጋ ሥላሴን አሠርተው እዚያው ተሥለው የለም ወይ?» ብሎ ሞግቶኛል። አዎ፣ ተሥለዋል። ግን ሄዳችሁ ተመልከቱ። ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው የተሣሉት። ያውም የአገር እቴጌ ናቸው። እኛ 100 ሺህ ሰጥተን ከታቦቱ በር በላይ ልንጻፍ እንፈልጋለን!

ፈሪሳዊው እኮ አልዋሸም። በሳምንት ሁለት ቀን ይጾማል፣ አሥራት ያወጣል። እኛም ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ አሥራትም የምናወጣ አለን። ግን ቀራጩ ጸድቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ እርሱ እንደመጣ ነው የሄደው። ጾሙን ያበላሸበት «እንደዚህ ሰው አይደለሁም» ማለቱ ነው።

ስለ ፈተና በአጭሩ ልናገር። ሁሉን በሰይጣን እናላክካለን። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን እያንዳንዱ የሚፈተነው በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል ነው ይላል። ጥቅሱ ያለው ምዕራፍ 1 ላይ ነው፤ ቤታችሁ ስትገቡ አንብቡት።

ራስን መውደድንም ጥምቀት ላይ ማየት ይበቃል። ታቦቱ ሲያልፍ ጀርባችንን ሰጥተን ራሳችንን ፎቶ እናነሣለን። ወጣቶቹን ብቻ አይደለም የምለው። ጎልማሶችም አይቻለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በሚቀጥለው ገቢ ማሰባሰቢያ ሶፋው ይነሣ። ስም አይጠራ። እያንዳንዱ ሰው ደረሰኙን ይቀበል፤ ሒሳቡ ግን እስከ መጨረሻዋ ብር በዐደባባይ ይነበብ። የሰጠው ሰው ስም ይደበቅ፣ የወጣው ገንዘብ ይገለጥ! እስከ ዛሬ የሠራነው ግልባጩን ነው።

ገቢው ይቀንሳል የሚሉኝ አሉ። ይቀንስ! ጣሪያው ዘንድሮ ካልተከደነ በሚቀጥለው ዓመት ይከደናል። ከደጅ የመለስናቸውን እናት ግን የትኛው ጣሪያ ይመልስልናል?

ይህንኑ በጽሑፍ አዘጋጅቼአለሁ። ዛሬውኑ ለሰበካ ጉባኤው አስረክባለሁ። የተስማማችሁ ከጸበል ጻዲቁ በኋላ ፈርሙበት። ያልተስማማችሁም አትሂዱብኝ፤ ቁጭ ብለን እንነጋገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።