የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ሚያዝያ 23 ከየት መጣ?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ)፦ የሠራተኞች ቀን ደርግ ያመጣው በዓል ነው ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በዓሉ እኛ አገር የገባው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስለሆነ ነው እንዲያ የሚባለው። ሥሩ ግን አሜሪካ፣ ቺካጎ ነው። ያኔ ፋብሪካ ውስጥ በቀን 10 እና 12 ሰዓት መሥራት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1886 በመላ አገሪቱ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ 8 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት፣ ቀሪው 8 ሰዓት የራሳችን።

በ3ኛው ቀን ፖሊስ በአድማ መቺዎች ላይ ተኩሶ ሰው ገደለ። በማግስቱ ሄይማርኬት በተባለው አደባባይ ሰልፍ ሲደረግ ቦምብ ተወረወረ። ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስምንት ሰዎች ግን ተፈረደባቸው፤ አራቱ በ1887 ተሰቀሉ። አንዱ እስር ቤት ሞተ። የቀሩትን ሦስቱን የኢሊኖይ ገዥ በ1893 ፍርዱ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ፈታቸው። ለሞቱት ግን ምን ይረባል!

በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ሶሻሊስቶች ይህ ቀን፣ ሜይ 1 (በእኛ ሚያዝያ 23)፣ በየአገሩ እንዲከበር ወሰኑ። አንቺ 8 ሰዓት ሠርተሽ ማሽኑን ለቀጣዩ ፈረቃ ስታስረክቢ፣ ያ ሰዓት የደም ዋጋ እንዳለው እወቂ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አሜሪካኖች ታዲያ ለምን በሴፕቴምበር ያከብራሉ?

መልስ፦ ኒውዮርክ ውስጥ በ1882 የተጀመረ የሴፕቴምበር ሰልፍ ነበራቸው። መንግሥት በ1894 ያንን ሕጋዊ በዓል አደረገው። የቺካጎው ቀን በተነሣበት አገር ሕጋዊ በዓል አለመሆኑ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ከወልድያ፣ የሆቴል አስተናጋጅ)፦ እኛ በዓሉን እየሠራን ነው የምንውለው። ክፍያው ግን እንደ ሌላው ቀን ነው።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን ለሠራህበት እያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዝህ እጥፍ ይከፈልሃል። መደበኛው ሥራም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት በደብተር ያዝ። መጀመሪያ አሠሪህን በትሕትና ጠይቀው። እንቢ ካለ ደብተሩን ይዘህ በከተማችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው መሥሪያ ቤት ሂድ። ብቻህን ከምትሄድ ከባልደረቦችህ ጋር ብትሄድ ይሻላል።