ኤልያስ ያልቀየረው መልስ

እሺ... ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬም ነቢዩ ኤልያስ ነው። አዎ፣ «ደግሞ?» እያላችሁ ነው። ባለፈው «በቃ፣ ኤልያስን ዘጋነው» ብዬ ነበር፤ አልተዘጋም።

አንደኛ ነገሥት 19። የቀርሜሎስ ተራራ፣ ከሰማይ የወረደው እሳት፣ የጣዖቱ የበኣል 450 ነቢያት፣ ያ ሁሉ ምዕራፍ 18 ላይ አልቋል። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ዛተችበት፣ ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ አገልጋዩን፣ ብላቴናውን፣ እዚያው ተወው። ይቺን ሁላችንም ዘለናት ነው የምናልፈው። ሰውዬው ወደ ምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ የሄደው ብቻውን ነው! እኛም ሲከፋን፣ ብዙ ጊዜ ከጸሎት በፊት የምናቋርጠው ከሰው ጋር መገናኘትን ነው። ስልክ ሲጠራ ዝም፣ ማኅበር መቅረት፣ «ደህና ነኝ» ብሎ መሸኘት...

ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል» አለ። ነፍሴን ውሰድ። የሚገርመው፣ ይሄ ሰው በኋላ በዐውሎ ነፋስ ወደ ሰማይ ነው የወጣው። ልሙት ብሎ የለመነ ሰው! ወደ ዛፉ ልመለስ።

መልአኩ መጣ። «እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። «ትናንት እሳት አውርደህ ዛሬ አንዲት ሴት ፈራህ?» አላለውም። ዳሰሰው፣ «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አለ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ልብ በሉ፣ ተመልሶ ተኛ፤ ማንም አልቆጣውም። ሁለተኛ ዳሰሰው፣ «መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ» አለው። ከዚያ ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ እግዚአብሔር ተራራ ወደ ኮሬብ የተጓዘው። እግዚአብሔር የጠየቀው ከእንቅልፉ፣ ከእንጀራውና ከመንገዱ በኋላ ነው።

እኛ ገልብጠን እንጀምራለን። መከራ ሲመጣ በቀን አንድ ሰዓት ጸሎት፣ ተጨማሪ ጾም፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በሦስት ወር። አራተኛው ቀን ላይ ይሰበራል፤ በኀዘኑ ላይ «ይሄንም አቃተኝ» ይደረብበታል። የታመመ ሰው ደግሞ ጾሙን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት። «ነፍሴን ውሰድ» የየቀኑ ሐሳብ ከሆነ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው መንገር፣ ሐኪም ጋ መሄድ። መልአኩም የጀመረው ከሥጋው ነው።

ለጸሎት መዝሙር 13 ይበቃል፤ በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር 12ኛው። አጭር ነው። ጠዋትና ማታ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ምክንያቱም በልብ ሲሆን ሐሳብ ይዞት ይጠፋል። አካሄዱን እዩት፦ ይጠራል፣ ይከሳል፣ ይለምናል፣ መጨረሻ ላይ ይታመናል። የሚበላሸው ክሱን ዘለን መታመኑ ላይ ስንንደረደር ነው። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» ማለት ድፍረት ይመስለናል። እና የማይታመንበት ቀንስ? ለዚያ 88ኛው አለ፣ በዳዊት 87። መጨረሻው ላይ መጽናናት የለም፤ በጨለማ ያልቃል። እንዲያም ሆኖ ከመዝሙሮቹ መካከል አልወጣም። ስለዚህ ክሱ ላይ ማቆም ይቻላል... ይመስለኛል። እሱም ካቃተ ማርቆስ 9 ላይ የታመመ ልጁን ወደ ኢየሱስ ያመጣው አባት ቃል አለ፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»።

ያዘነ ሰው የምትጠይቁ ደግሞ፣ የኢዮብን ወዳጆች አስታውሱ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ተቀመጡ። አፋቸውን ከፍተው እስኪወቅሱት ድረስ ጎበዞች ነበሩ።

እሺ፣ ያላስተኛኝ ግን ይሄ ነው። ኮሬብ ላይ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተባለ። ቁጥር 10፣ «እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ» አለ። ከዚያ ነፋሱ፣ የምድር መናወጡ፣ እሳቱ፣ ከሁሉም በኋላ ያ ትንሽ የዝምታ ድምፅ። ፊቱን ሸፈነ። ያው ጥያቄ ተደገመ። ቁጥር 14ን አንብቡት... ያንኑ መለሰ። ያንኑ! ድምፁን ከሰማ በኋላ «ብቻዬን ቀርቻለሁ» ይላል። ዝምታው ፈወሰው እያልን ስንት ጊዜ ተናገርን?

እግዚአብሔርም አልተከራከረውም። «ተመለስ» አለው፤ አዛሄልንና ኢዩን ለንጉሥነት ቀባ፣ ኤልሳዕን ደግሞ በአንተ ፋንታ ለነቢይነት። ለበኣል ያልሰገዱ 7000 እንዳሉም ነገረው፣ ግን ከሥራው በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። ምዕራፉ ሲያልቅ ኤልሳዕ ተከትሎት እያገለገለው ነው። ቤርሳቤህ ላይ አንዱን ትቶ፣ እዚህ ደግሞ...

አላውቅም። ምናልባት በሥራ መሃል ነው የተመለሰለት። ወይም ጭራሽ አልተመለሰለትም፣ ግን ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ አልተጠየቀም እኮ። ቢጠየቅ ምን ይል ነበር... እንጃ።