ለውኃ የሚጫን ጓዝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ክፍል የማወጋችሁ ቤተሰብ ተሰብስቦ በገዛ እጁ እየቀዘፈ ውኃ ላይ ለመዋል ሲያስብ ምን መያዝ እንዳለበትና ምን ቢቀር እንደሚሻል ነው። እኛ ጎንደሬዎች ስንቅ ማሰናዳት የሚያስተምረን አያስፈልገንም፤ ዳሩ ግን የምናሰናዳው ሁልጊዜ ለግብዣ ነው። አገልግሉ፣ ጀበናው፣ ሲኒው፣ ምንጣፉ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ሲጫን፣ ልጁ ከጀልባው ቢወድቅ ምን ይዞት ይቆያል የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አላየሁም።

በከተማችን የሚያልፉት ቀሃና አንገረብ ለቀዘፋ አይሆኑም፤ መገጭም ቢሆን ክረምት ላይ ደፍርሶ ይሞላል፣ በጋ ላይ ደግሞ ይሳሳል። ስለዚህ ቀዘፋ የሚያምረው ቤተሰብ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ይወርዳል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ከጎንደር ይልቅ ይሞቃል፤ ለጎንደር ማለዳ ብርድ የተደራረበው ልብስ እዚያ ሲደረስ ሸክም ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውኃ ላይ ሰውን የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ነው። ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት የአዋቂ ልክ ስለሆነ፣ ልጆች ያሉት ሰው ለልጆቹ የሚሆነውን አስቀድሞ አፈላልጎ ቢይዝ ይሻለዋል። ልኩን ለማወቅ ጃኬቱን አልብሶ፣ ማሰሪያውን ሁሉ ቆልፎ፣ ልጁን እጆቹን ወደ ላይ እንዲዘረጋ ማድረግና የጃኬቱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው። ጃኬቱ ተንሸራቶ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ፣ ውኃ ውስጥም እንደዚያው ሾልኮ ይወጣል ማለት ነው። ለትንንሾቹ በእግሮቻቸው መካከል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እርግጥ ጀሪካን ይንሳፈፋል፣ ነገር ግን የደነገጠ ልጅ እጁን ሲለቅ ጀሪካኑ ብቻውን ይሄዳል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ነገር አይደለምና፣ ጃኬቱ የሚለበሰው ጀልባው ላይ ሳይወጣ፣ ገና ዳር ላይ ሳሉ ነው፤ ጀልባው ውስጥ ተነጥፎ ሲቀመጡበት ካየሁ ግን ባልመጣ ይሻል ነበር እላለሁ።

ቀጥሎ ያለውን ጓዝ እኔ የምለየው እያንዳንዱ ዕቃ ቢረጥብ ምን ይሆናል ብዬ በመጠየቅ ነው። ጀልባ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ይረጥባል ብሎ መነሣት ያዋጣል። አክስቴ ለመንገድ ስንነሣ «ልጄ፣ ያለ ጋቢ መንገድ ይኬዳል እንዴ?» ይላሉ፤ እኔም «እትዬ፣ ጋቢው አብሮን ይውረድ፣ ጀልባ ላይ ግን አይወጣም» እላቸዋለሁ። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ስለዚህ ጋቢው፣ ቅያሪው ልብስና ፎጣው ዳር ከሚቀር ሰው ጋር ይቆያሉ። ለዚህ ሰው የመኪናው ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የመመለሻ ሰዓታችንም ይነገረዋል፣ ያ ሰዓት ቢያልፍ ማንን እንደሚጠራም እንዲሁ።

ጀልባው ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው። ስልክ በሁለት ፌስታል ተደርቦ፣ ውስጡ አየር ቀርቶለት በደንብ ይቋጠራል። የገባውን ውኃ መጭለፊያ ጣሳ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ፊሽካ፣ ገመድ፣ ፋሻና ፕላስተር ይያዛሉ፤ ገመዱ ግን ለጀልባው እንጂ ልጅ ከጀልባ ጋር ለማሰር አይደለም። ከባዱ ዕቃ መካከል ላይ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ባርኔጣ በክር ከአገጭ ሥር መታሰር አለበት፤ ፀሐዩ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውኃው ተንጸባርቆ ከታችም ስለሚመጣ፣ እጅጌው ረዥም የሆነ ስስ ሸሚዝና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግድ ናቸው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ወጡ ለዳሩ ይቆይ። በጀልባ ላይ ከቆሎ፣ ከዳቦ ቆሎና ከብርቱካን የሚበልጥ አላገኘሁም፤ በሶም ቢሆን በክዳን ዕቃ ተበጥብጦ ከሄደ ጾመኛውንም ያልጾመውንም ያጠግባል። የሚጠጣው ውኃ ግን ከቤት መሄድ አለበት፤ ሐይቁ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ለጥም አይደረስበትም።

የደንገል ታንኳ ላይ ለመውጣት የሚጓጓ ልጅ ካለ፣ በዚህ ሥራ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ልጆች እንኳ ከታንኳው ጋር ያደጉ መሆናቸውን ላስታውስ። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከውኃ እየወጣ ይደርቃል፣ ተቀማጩም መርጠቡ አይቀርም። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር፣ ጃኬት ለብሶ፣ ከዳር ሳይርቅ ይሁን። የትኛውም ዓይነት ቀዘፋ ቢሆን ጠዋት ይሻላል፤ ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል። ጉማሬም ለግጦሽ የሚወጣው ወደ ማታ ነውና ደንገሉ ጥግ እስከ ማምሻ መቆየት አይገባም።

የቀረው በትል የሚመጣው የቢልሃርዚያ በሽታ ነገር ነው። ትሉ በጣና ዳርቻ አለ፤ የሚገባውም ውኃው በመጠጣቱ ሳይሆን ቆዳን በስቶ ነው። ልጆች ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ መንቦጫረቅ የሚወዱትን ያህል፣ ትሉ የሚራባበት ቀንድ አውጣም የሚወደው ያንኑ ቦታ ነው። ከውኃ እንደወጡ በፎጣ ፈጥኖ ማሸት ሊረዳ ይችላል፣ ሆኖም በእርሱ ብቻ መተማመን አይቻልም። ውኃ የነካው ሰው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የሆድ ሕመም ከተሰማው፣ ሐኪሙ ሳይጠይቀው ጣና ገብቼ ነበር ብሎ ይንገር፤ ምርመራ አለው፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒትም አለው።