ባዶ ጣሳ ሰው ይሸከማል? ይሸከማል፣ እስክትነኩት ድረስ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ከለገጣፎ ነኝ፣ ከቤታችን ግቢ። ከኋላዬ የሚጮኸው የጎረቤታችን በያጅ ነው። ታገሱት፣ እንጀራው ነው።

ይቺን ጣሳ እዩልኝ። ባዶ የለስላሳ ጣሳ ናት። የግድግዳዋ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከደብተር ወረቀት ብዙም አይበልጥም። አሁን የእህቴን ልጅ ልጥራው። ና እስቲ! ትከሻዬን ያዝና በአንድ እግርህ ውጣባት። ቀስ። ቀስ። አሁን ልቀቀኝ... አያችሁ? ቆመ! አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ምሳውንም በልቷል፣ ጣሳዋ ግን ችላዋለች። አሁን ጎኗን በእርሳስ ነካ ላድርጋት። ነካ ብቻ።

ጭፍልቅ! አይዞህ፣ አልወደቅክም።

ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፣ አሁንም አይሰለቸኝም። ልብ በሉ፣ ጣሳዋ ቀስ በቀስ አልደከመችም። የአጣና መወጣጫ ሊሰበር ሲል ይንቋቋል፣ ቢያንስ ለመዝለል ጊዜ ይሰጣችኋል። ይቺ ግን ጤነኛ ነበረች፣ ጤነኛ ነበረች፣ ከዚያ ጭፍልቅ። መሐንዲሶች ባክሊንግ፣ በጭነት ብዛት ድንገት መጉበጥ፣ የሚሉት ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ሌላ ልሄድ ነበር፣ ግን ባለፈው ቪዲዮ ላይ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጽፋችሁልኛል፦ «የብረት ቋሚ የሚጎብጠው ብረቱ አሪፍ ስላልሆነ ነው፣ የድሮ ብረት ቢሆን አይጎብጥም ነበር።» አይደለም! ውድ ብረት ለመበጠስ ያስቸግራል፣ እውነት ነው። ሳይበላሽ ጎበጥ በማለት ግን ከርካሹ እኩል ነው፤ የሁለቱም ግትርነት፣ ማለትም ጎበጥ አልልም ማለታቸው፣ በመለኪያው 200 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ቋሚ ሳይጎብጥ ስንት እንደሚሸከም በ1744 ጨርሶታል፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምናገረው፦ ፓይ ስኩዌር፣ ሲባዛ በግትርነት፣ ሲባዛ በቅርጹ፣ ሲካፈል ለርዝመት ስኩዌር። ብረቱ ስንት ላይ እንደሚበጠስ የሚናገር ነገር እዚህ ቀመር ውስጥ አለ? የለም። ቋሚውን በእጥፍ ካስረዘማችሁት አቅሙ ሩብ ይሆናል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ውድ ብረት ግዙ።

የሚያዋጣው ቅርጽ ነው። አጥሩን እዩት። ቆርቆሮ ነው፣ እኔ በዓለም ላይ በጣም የምወደው ዕቃ። ጠፍጣፋ ላሜራ ግድግዳ ላይ ስታስደግፉት በራሱ ክብደት ሆዱን ይነፋል። ያንኑ ላሜራ ሞገድ ስታስይዙት ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞት ከመርካቶ ይመጣል፣ አይጎብጥም። ብረት አልጨመራችሁም። አንድ ግራም አልጨመራችሁም! በሌላው በኩል ሞክሩት ግን እንደ ሰሌን ሊጠቀለል ይፈልጋል። በ1829 ለንደን ውስጥ ፓልመር የሚባል መሐንዲስ ነው ፓተንት ያወጣበት፣ ዛሬ ግማሽ ሰፈራችን እሱ ስር ያድራል። የኔም በር በነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጨበጭብ ነበር። በያጁ መጥቶ ላሜራው ላይ ሁለት ሰያፍ መስመር አጠፈበት። በቃ፣ ዝም አለ።

እሺ፣ ወደ ጣሳዋ። ችግሩ እዚህ ነው፦ ለቀጭን ሲሊንደር በስሌት ያገኙት አቅምና ሲፈትኑት ያዩት አልገናኝ አለ። አንዳንዱ ከስሌቱ ግማሽ ሳይደርስ ይጨፈለቃል። ይሄን የፈታው ዋርነር ኮይተር ነው፣ ኔዘርላንድ ደልፍት የተማረ መካኒካል ኢንጂነር። ጥናቱን የሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፣ በ1945 አቀረበው። በደች ቋንቋ! ናሳ በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ ያወጣው በ1967 ነው። 22 ዓመት! እኛም በአማርኛ ነው የምንሠራው፣ ሰብስክራይብ አድርጉ እንጂ እስከዚያ አታስጠብቁን።

ምን አለ? ባጭሩ፣ ጥፋተኛው ስርጉዱ ነው። ክፉ ቅርጽ የያዘች፣ ጥልቀቷ ከግድግዳው ውፍረት አንድ አሥረኛ የማትበልጥ ሞገድ መሳይ ስርጉድ ከሲሊንደሩ አቅም 40 በመቶ ገደማ ትወስዳለች። ውፍረቱን ካከለች ሩብ እንኳ አይተርፍም። የመጀመሪያዋ ትንሽ ስርጉድ ናት በጣም ውዷ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይረክሳል። ከ1949 እስከ 1979 ደልፍት ፕሮፌሰር ሆኖ ይሄንኑ ሲያብላላ ኖረ። ሰውየው ዕድሜውን የሰጠው ለስርጉድ ነው ብል አልዋሸሁም። እኔ ደስ ይለኛል እንዲህ ያለ ሰው።

ሮኬትም እኮ ትልቅ ጣሳ ነው። ናሳ በ2011 አላባማ ውስጥ ስፋቱ 8 ሜትር ያለፈ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ላይ ነጠብጣብ ቀብቶ፣ ዙሪያውን ካሜራ ደርድሮ፣ ሆን ብሎ ጨፈለቀው። የ1960ዎቹ የናሳ የዲዛይን መመሪያ ስርጉድን ከመፍራት ብዛት ሮኬቱን ያከብድ ነበር፣ ስንት መፍራት እንደሚበቃ ለማወቅ ነው።

ና እስቲ፣ አንዴ እንድገመው። ሌላ ጣሳ አምጣ። ይቺኛዋ ጎኗ ትንሽ ስርጉድ ብሏል፣ ምንም አይደለም፣ ውጣባት።

«ጋሼ፣ አንተ ውጣ።»