ምን እንሰብስብ? ለጀማሪ ሳንቲም ሰብሳቢዎች በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከፔዳና ከፖሊ ግቢ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው፤ ሳንቲም መሰብሰብ የሚፈልግ ጀማሪ ምኑን ልሰብስብ ብሎ ይወስናል? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። አንዱ እጁ የገባውን ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ሲወረውር ይከርምና ጠርሙሱ ይሞላል፤ ስብስብ ግን የለውም። ሌላው ገና በመጀመሪያው ቀን የምኒልክ ብር ፍለጋ ገበያ ይወጣና አስመስለው ያቀለጡለትን ቆርቆሮ በብር ዋጋ ገዝቶ ይመለሳል።

እኛ የምንመክረው መለኪያ ይህ ነው፦ እውነተኛነቱን በራሳችሁ እጅ ልታረጋግጡ የምትችሉትን፣ ተሟልቶም ልታዩት የምትችሉትን ሰብስቡ። ዕድሜውም ዋጋውም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ከኪሳችን እንጀምር። 1969 ዓ.ም. የተጻፈባቸው አምስት ሳንቲሞች አሉ። አንድ ሳንቲሙ አሉሚኒየም ነው፤ ክብደቱ 0.6 ግራም ብቻ ስለሆነ እፍ ሲሉት ይንሸራተታል። አምስትና አሥር ሳንቲም ናስ ናቸው፤ ስሙኒና (ሃያ አምስቱ) ሽልንግ (ሃምሳው) ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ። በሁሉም በአንዱ ፊት የአንበሳ ራስ አለ። ሲገለበጡ በአንዱ ሳንቲም ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ በአሥሩ ላይ ኒያላ የምንለው የደጋ አጋዘን፣ በስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ በሽልንጉ ላይ ሕዝብ ይታያል። አምስት ሳንቲም፣ አምስት ሥዕል፣ አንድ ዘመን። ለመጀመሪያ ስብስብ ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ሐሰተኛውን ለመሥራት የሚደክም ሰው የለም፤ ብትሳሳቱም የምትከስሩት ሳንቲም ነው።

ዘመኑ የተጻፈው በግእዝ ቁጥር ስለሆነ ከ፩ እስከ ፲ ከዚያም እስከ ፻ ያለውን አስቀድማችሁ አጥኑ። ፲፱፻፷፱ን ከ፲፱፻፺፮ ያልለየ ሰው ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። እዚህ ላይ ማግኔት ታስፈልጋለች፤ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣች ትንሽ ቁራጭ ትበቃለች። የ1969ኙን አሥር ሳንቲም አስጠጉት፤ ማግኔቱ አይነካውም። የ1996ቱን አስጠጉት፤ ጠቅ ብሎ ይለጠፋል። ኋለኞቹ ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ለአምስትና ለአሥሩ የናስ፣ ለስሙኒና ለሽልንጉ የመዳብና የኒኬል ልባስ ነው። ልባሱ ጠርዝ ላይ ሲፋቅ ብረቱ ይዝጋል፣ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ስለዚህ ከኋለኞቹ የምትመርጡትን ሳንቲም በጠርዙ ፈትሹት፤ ፊቱ አብረቅርቆ ጠርዙ የዛገውን ተዉት።

ይህን የጨረሰ ሰው አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ መግባት ይችላል። የ1969ኞቹ ሁሉ በአንድ ቦታ የተቀረጹ አይደሉም። በ10 እጥፍ ማጉያ የአንበሳውን አገጭ ተመልከቱ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጢሙ እኩል የተከረከመ ይመስላል፣ በሌሎቹ ላይ ሁለት ጸጉሮች ከቀሩት ረዝመው ይወጣሉ። በኪሳችን ስንይዘው የኖርነውን ስሙኒ ሁለት ዓይነት መሆኑን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

በዚያው መስመር 2002 ዓ.ም. የተጻፈበትን ባለ ሁለት ቀለሙን አንድ ብር ጨምሩ፤ ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከጀርባው ሚዛን አለበት። እርሱ የተካው የወረቀት አንድ ብር በጀርባው የጭስ ዐባይን ፏፏቴ ይዞ ነበር። የባሕር ዳር ሰው ስብስብ ውስጥ ያ ወረቀት ቢገባ ማንም አይከሰውም።

የት ይገኛሉ ካላችሁ፣ አምስትና አሥር ሳንቲም ዛሬ ዕቃ አይገዙም፤ ስለዚህ ከገበያ ይልቅ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የታክሲ ረዳቶችን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምጽዋት ዝርዝር የሚመነዝሩትን ጠይቁ። ዐሥር ብር የሚያህል ዝርዝር ወስዳችሁ፣ መርጣችሁ፣ የቀረውን መልሳችሁ ስጡ። ከአንድ ዓይነት ሁለት ስታገኙ ቶሎ የሚፋቀውን ቦታ፣ የአንበሳውን ጎፈርና የአጋዘኑን ቀንድ አወዳድሩና ጥርት ያለውን አስቀሩ።

ሁለተኛው መስመር 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የንጉሡ ዘመን ሳንቲሞች ናቸው፤ ዘውድና ጎፈር የምንጫወትባቸው። አንድ፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲም ከመዳብ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን የተሠሩ ናቸው። ጀማሪን ተጠንቀቅ የምንለው እዚህ ላይ ነው፤ ፲፱፻፴፮ የሚለው ዘመን ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ተቀርጿል። «ይህ የ36 ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን ነጋዴ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

የዚህ ስብስብ ጣፋጩ ክፍል ሃያ አምስቱ ነው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ። ስፋቱ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር የሚቀራረብ ስለነበር ብር እየቀቡ በሃምሳ ያሻግሩት ጀመር። ስለዚህ ክቡ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ ያለው ሌላ ተተካ። ሞገዱን በቀላሉ ታገኛላችሁ፤ ክቡ ግን ብርቅ ነው። ክብ ሃያ አምስት አለኝ የሚል ሲመጣ ሞገዱን ሞርደው እንዳላከበቡት እዩ፤ የተሞረደው ከሞገዱ ያንሳል፣ ጠርዙም ላይ የሞረድ ጭረት ይታያል። ብሩ ሃምሳ ሳንቲም 7.03 ግራም መመዘን አለበት። ይህም ሁለት ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ከሺህ 800 እጅ ብር፣ ኋላ የወጣው 700 እጅ።

የውጭ አገር ሳንቲምን በተመለከተ፣ በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት የሚያሻግሩና ጎብኚ የሚያስጎበኙ ወንድሞች እጅ ውስጥ ብዙ አለ፤ ባንክ የውጭ ሳንቲም ስለማይመነዝርላቸው በቀላሉ ይሰጧችኋል። ከየአገሩ አንድ አንድ መያዝ ያስደስታል፤ ለልጅ ጂኦግራፊም ያስተምራል። ነገር ግን መጨረሻ የለውም። ከጀመራችሁ አጥር አብጁለት፦ የዓባይ ተፋሰስ አገሮች ብቻ፣ ወይም እንስሳ ያለባቸው ብቻ።

አሁን ሁላችሁም ወደምትጠብቁት ወደ ጠገራው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ወዳለበት ትልቅ ብር እንምጣ። ማርያ ቴሬዛ ላይ የተጻፈው 1780 እ.ኤ.አ. የተቀረጸበት ዓመት አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ዘመኑ ሳይነካ ቪየና እስከ ዛሬ ትቀርጸዋለች፤ ሮማ፣ ለንደንና ቦምቤይም በየጊዜያቸው ቀርጸውታል። ስለዚህ እውነተኛ ቢሆንም የግድ አሮጌ አይደለም፤ ዋጋውም በመሠረቱ የብሩ ዋጋ ነው። አንድ ብቻ ግዙ፣ መዝናችሁ ግዙ። 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጠርዙ ላይ ጎልቶ የወጣ የላቲን ጽሑፍና ጌጥ።

ክብደት ብቻውን ግን ይሸነገላል። የውኃውን ፈተና ልመዱት። እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ካነበበ ደኅና ነው፤ 28.07ን ለ2.75 ስናካፍል 10.2 ይወጣል፣ የዚህ ብር ቅይጥ ጥግግት ያ ነው። ከ3.1 በላይ ካነበበ መዳብ ወይም ናስ ነው። ብሩ ላይ የአየር ነጠብጣብ ከተለጠፈ ንባቡ ከፍ ስለሚል እውነተኛውን ሐሰተኛ ሊያስመስለው ይችላል፤ ነቅነቅ አድርጋችሁ አስለቅቁት።

የምኒልክ ብርም በክብደት ከዚህ ጋር እኩል ነው፤ ፓሪስ የተቀረጸ፣ ከሺህ 835 እጅ ብር። ፲፰፻፹፯ የመጀመሪያው ዘመን ነው። ታናናሾቹ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ ናቸው። በብር ለመጀመር ለሚቸኩል ሰው ፲፰፻፺፭ የተጻፈበትን ግርሽ እንመክራለን፤ ከሁሉ ይልቅ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው። ትልቁን ብር ግን ለኋላ አቆዩት፤ በዘጌ መንገድና በስጦታ ዕቃ መደብር የምታዩት ብዙው በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ጠርዙን ዙሩት፣ የሁለቱ ቅርጽ መጋጠሚያ መስመር ካለ ተዉት። ፊደሉ ዙሪያ እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይን ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሉም እንዲሁ። የአንገት ጌጥ የነበረ ብር ደግሞ ጆሮው የተበየደበት ቦታ ቢሞረድም ይታወቃል፤ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ለስብስብ ግን ዋጋው ወድቋል።

የአክሱም ሳንቲምን ለጀማሪ ጨርሶ አንመክርም። ንጉሥ ኢንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጀመረው፣ ዒዛናም ጨረቃውን በመስቀል ከተካው ገንዘብ የሚበልጥ ታሪክ እንደሌለ እናውቃለን። ግን ቅርስ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ያገኘውን ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ሙዚየም ሄዳችሁ እዩት።

ስለ አያያዝ ባጭሩ፤ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው፣ ክረምቱም ረጅም ነው። እርጥበት ከሁሉ ይከፋል። ለስላሳው የፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ ያወጣል፤ ላስቲክና ጋዜጣ ብርን ያጠቁራሉ። ደረቅ ፕላስቲክ ወይም ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ተጠቀሙ፤ ከጫማ ካርቶን የምታገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ጣሉ። በሎሚ፣ በኮካ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና አታጥቡ። የጠቆረ ሳንቲም ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ የተፋቀውን ማንም አይፈልገውም። ደብተር ያዙ፦ ዓይነቱ፣ ዘመኑ፣ ክብደቱ፣ ማግኔት መያዙና አለመያዙ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደከፈላችሁ።

ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተደባለቀ ዝርዝር በትሪ፣ ማግኔት፣ ማጉያ፣ ሚዛን፣ የውኃ ብርጭቆና አንድ ማርያ ቴሬዛ ተዘጋጅቷል። ከትሪው ውስጥ አምስቱን የ1969 ሳንቲሞች ለይቶ የጨረሰ ሰው ይዟቸው ይሂድ። ጠገራው ግን ይመለሳል። ጥያቄ ያላችሁም እዚያው ጠይቁን፤ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ኑ፣ ሳንቲሙንም በጠርዙ ያዙት።