የአበጋር ዕርቅ የማይዘጋው ፋይል

የተከበራችሁ አበጋሮች፣ ሼኾቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ እናቶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የተጠራሁት ሕፃናትን ከወሲብ ጥቃት ስለሚጠብቀው ሕግ እንድናገር ነው። ሕጉን እነግራችኋለሁ፤ ዋናው ጉዳዬ ግን ከእናንተ ከአበጋሮች፣ ከወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች ጋር ነው።

የወሎ ሽምግልና ደም ያደርቃል። ይህን የሚንቅ ካለ ወሎን አያውቅም። ነገር ግን ያው ሸንጎ በ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? በዳይ ካሣ ይቆርጣል፣ አባት ይቀበላል፣ ምስክሩ «አላየሁም» ይላል፣ ዐቃቤ ሕጉ ባዶ ፋይል ታቅፎ ይቀራል። ልጅቷን የጠየቃት የለም። ይህ ዕርቅ አይደለም፤ የባቲ ሰኞ ገበያ ነው! ለአንዲት ልጅ ስንት ግመል ይበቃል?

«ያግባት» የሚልም አለ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጋብቻ ከክስ ያድን ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ጠልፎ ማግባት ከተጠያቂነት አያድንም ብሏል፤ የቤተሰብ ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ ከ18 ዓመት በታች ያለችን ማግባት ራሱም በአንቀጽ 648 ወንጀል ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመባት ልጅ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ከሆነ አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ተማሪው፣ የቤት ሠራተኛው ወይም በአደራ የተሰጠችው ከሆነች ከ5 እስከ 20። ከ13 በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25። «ወዳ ነው» ማለት አያድንም። ክሱ የመንግሥት ነው፤ የአባት ፊርማ አያነሣውም። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ ለእነሱ አንቀጽ 631 አለ።

አሁን ደግሞ ስልክ መጥቷል። አካሄዱ ያው ነው፦ አጥቂው ለልጅቷ ካርድ ይሞላላታል፣ ያሞግሳታል፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ይላል፣ ፎቶ ያስልካል፣ በፎቶው ያስፈራራታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 12 እንዲህ ያለውን አባባይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። እናት ግን ስታገኘው ተናዳ መልእክቱን ሁሉ ታጠፋዋለች፤ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። አታጥፉ፤ ስልኩን እንዳለ ለፖሊስ ስጡ።

ጥቃት ከደረሰ ልጅቷ ሳትታጠብ ሆስፒታል ትድረስ። ልብሷ በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ያሻግተዋል። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሽምግልናችሁ ግን ሳምንት ይፈጃል!

ብዙ ፋይል የሚወድቀው ደግሞ በዕድሜ ነው። በመዝገብ የተደራጀው የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ነውና ከዚያ በፊት የተወለደችው ብዙ ጊዜ ወረቀት የላትም። የሐኪም ግምት «ከዚህ እስከዚህ» ይላል፤ ጥርጣሬው ለተከሳሽ ይጠቅማል። ስለዚህ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል መዝገብ ይፈለግ። ቀበሌዎችም ለዐረብ አገር ጉዞ ብላችሁ ዕድሜ አትጨምሩ፤ ያው መታወቂያ ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ ልጅቷን ይረታታል።

አበጋሮች፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣባችሁን «መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ፖሊስ» ብላችሁ መልሱት። ከፍርዱ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ደም እንዳይቃቡ ማስታረቁ የእናንተ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይተካችሁም።