እማዬን የዋሸሁበት ደብዳቤ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። ጆሮዬ ትናንት ማታ ተነስቶበት አላስተኛኝም። ድምፄ ከፍ ካለባችሁ ራሴን ለመስማት ነውና ቻሉኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አለ። ከደብተር የተገነጠለ፣ አራት ቦታ የታጠፈ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው፤ እጥፋቱ ላይ ያሉት ፊደላት ለቀዋል። በርበሬ በርበሬ ይሸታል። እማዬ በሰው ስትልክልኝ ከሽሮና ከበርበሬው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው የከተተችው። ጸሐፊው እኔው ነኝ። ከላይ በቀኝ በኩል «የካቲት 5 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ኢራቅ» ይላል።

የዚህ ወረቀት ኮፒ ለአሜሪካ ጦር ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል፤ ሳይሰጠኝ የቀረ የውጊያ ባጅ አለኝና እሱን እየጠየቅኩ ነው። ችግሩ፣ ውስጡ ያለው ዋናው ነገር ውሸት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ የገባሁት በ2003 ነው። ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ አለበለዚያ እናንተም እኔም እንጠፋለን። በዓመቱ ሠራዊቱን ተቀላቀልኩ። ሹፌር አደረጉኝ። በ2005 መጨረሻ ኢራቅ ገባን። ሥራችን ከኩዌት ድንበር ወደ ሰሜን ነዳጅ፣ ውሃ፣ ስንቅ ማመላለስ ነበር። ዋናውን መንገድ «ታምፓ» ይሉታል። የፍሎሪዳዋ ታምፓ ባሕር አላት። የእኛዋ ግን አቧራና የተበጣጠሰ ጎማ ብቻ ነበራት።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2006፣ ማክሰኞ ጠዋት። ከባግዳድ በስተሰሜን ነን። ያን ቀን የያዝኩት የጭነት ሳይሆን የአጃቢ መኪና ነው። ከበላዬ መትረየሱ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። እግሮቿ ትከሻዬ አጠገብ ናቸው።

ፍንዳታ ሲባል ሰው ብርሃን ይጠብቃል። እኔ ብርሃን አላየሁም። ያየሁት ፊት ለፊቴ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ። ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። ውሃው ውስጡ ሲገለበጥ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚያ ድምፅ የሚባል ነገር ጠፋ። ከግራ በኩል ተኩስ ተከፍቶብን ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁም። ልጅቷ እየመለሰች መሆኑን ያወቅኩት የጥይት ቀለሆቹ ክንዴ ላይ ሲወድቁ ነው። ይፋጃሉ። የተሰጠን ትእዛዝ «አትቁም» ነው። አልቆምኩም።

ማንም አልሞተም። የአንዱ ልጅ እጅ ተሰበረ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ ጆሮዬ ያፏጫል። አሁንም እያወራኋችሁ ያፏጫል።

እንግዲህ ስለ ባጁ። የአሜሪካ እግረኛ ወታደር ውጊያ ውስጥ ከገባ የሚደረግለት ምልክት አለ። ከ1943 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰማያዊ መደብ ላይ ጠመንጃ። ለሕክምና ባለሙያዎቹም ከ1945 ጀምሮ የራሳቸው አላቸው። ሹፌርስ? ሹፌር ምንም አልነበረውም። የድሮ ጦርነት ግንባር ነበረዋ። እግረኛው ፊት ነው፣ ሹፌሩ ኋላ ነው። ኢራቅ ውስጥ ግን ፊትና ኋላ የሚባል ነገር የለም። ፈንጂው የሚቀበረው መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ደግሞ ሹፌሩ ነው። ይሄ የገባቸው ቆይቶ ነው። ሜይ 2 ቀን 2005 «ኮምባት አክሽን ባጅ» የሚባለው ጸደቀ። ሳንጃና የእጅ ቦምብ፣ ዙሪያውን የዛፍ ቅጠል ጉንጉን። ከሴፕቴምበር 18፣ 2001 ወዲህ ለተዋጉት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሰጥ ተደረገ።

ጦርነት ያለበት አገር መገኘት ብቻውን አይበቃም። እዚያው ቦታ ላይ በአካል ኖረህ፣ ጠላት ተኩሶብህ ወይ አንተ ተኩሰህ መሆን አለበት። እና እንደማንኛውም ነገር፣ አለቃህ ወረቀት መሙላት አለበት።

የእኛ አለቃ በዚያው ሰሞን ተቀየረ። አዲሱ መጣ። ስም ዝርዝሩ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሄድ የእኔና የሁለት ልጆች ስም ቀረ። ክፍሉን ስሙን አልጠራም፤ ማንም በክፋት አላደረገውም። በኋላ ሰልፍ ላይ የሌሎቹ ስም ተጠርቶ ባጁ ሲደረግላቸው አጨበጨብኩ። ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። ማታ አልጋዬ ላይ ነው የቆጨኝ።

ከሠራዊቱ ስትወጣ ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ይሰጡሃል። የአገልግሎትህ ማጠቃለያ ነው። ሣጥን 13 ላይ ሜዳልያህና ባጅህ ይዘረዘራል። «አንብበህ ፈርም» ይሉሃል። በእግዚአብሔር፣ ማን ያነባል? ውጭ ጓደኛህ መኪና አስነስቶ እየጠበቀህ ነው። ፈረምኩ፣ ወጣሁ።

ታዲያ ከስንት ዓመት በኋላ ምን አስነሳህ ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክብር ፈልጌ አይደለም። ይሄን ስል ራሴም ሙሉ በሙሉ አላምነኝም፤ ግን መነሻው ጆሮዬ ነው። ለጆሮዬ የጉዳት ካሳ ስጠይቅ «ከየት መጣ?» ተባልኩ። የሕክምና መዝገቤ ላይ ስለዚያ ቀን አንድ መስመር የለም። በሕጉ አንድ ሰው ውጊያ ውስጥ እንደነበረ ከተረጋገጠ፣ እዚያ ደረሰብኝ የሚለው ጉዳት ሰነድ ባይኖረውም፣ ከሁኔታው ጋር እስከሄደ ድረስ ቃሉን ይቀበሉታል። ለዚያ ደግሞ ሣጥን 13 ላይ ያ ባጅ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ያቺ ጣት የምታህል ብረት ከኋላዋ ይሄን ሁሉ ትጎትታለች።

መዝገብ ማስተካከያው ፎርም ዲዲ 149 ይባላል። ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ከታች ያለውን መንገድ መጨረስ አለብህ፤ ለባጅ ከሆነ ፎርት ኖክስ ያለው የሠራዊቱ የሰው ኃይል ዕዝ ነው። ካልሆነ የመዝገብ አስተካካይ ቦርዱ አለ። የሚፈርዱት ሲቪሎች ናቸው። ስህተቱን ካወቅህ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለብህ ይላል፤ ግን ለፍትህ ሲባል ሊያልፉት ይችላሉ። ወታደር ሰምቶ ሰበብ የሚቀበል ሕግ ብርቅ ነው፣ ደስ አለኝ።

በነገራችን ላይ፣ ከ1946 በፊት የአንድን ወታደር መዝገብ ማስተካከል ሲፈለግ ኮንግረሱ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ሕግ ያወጣ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ሕግ! ሰለቻቸውና ቦርዱን ፈጠሩ።

ቦርዱ ግን መርማሪ አይደለም። ሄዶ አይፈልግልህም። ወረቀቱ ትክክል ነው ብሎ ነው የሚነሳው፤ ስህተት ነው የምትል ከሆነ አንተ አምጣ። ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ አምጣ። እኔ ደግሞ እጄ ላይ የነበረው የሚያፏጭ ጆሮ ብቻ ነው። በፊት በፊት የነበሩት ሽማግሌዎች ከእኔ የባሰ አለባቸው። በጁላይ 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው የመዛግብት ማዕከል ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን የወታደር ፋይል አመድ ሆኗል። ኮሪያ የዘመተ ሰው «ፋይልህ የለም» ሲባል አስቡት። የእኔ አልተቃጠለም። የእኔ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ማስረጃው አይበቃም» ተብሎ ተመለሰ። ስለዚህ ሰው ፍለጋ ገባሁ።

ያቺን መትረየስ ላይ የነበረችውን ልጅ ፌስቡክ ላይ አገኘኋት። አሁን ሦስት ልጆች አሏት። ስደውልላት «ሃሎ» ካለች በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «የቀለሁ ጠባሳ ክንድህ ላይ አለ?» አለችኝ። አለ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች።

የምስክርነት ቃሏን ጽፋ፣ አስፈርማ ላከችልኝ። ሳነበው አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። እኔ እስከዛሬ ያን ቀን ጭጭ ብዬ የነዳሁ ነው የሚመስለኝ። ለሰው ስተርክም «ትንፍሽ ሳልል ነዳሁ» ነው የምለው፤ ትንሽ ጀግና ጀግና ያደርገኛል። እሷ የጻፈችው ሌላ ነው። «ሹፌሩ በማላውቀው ቋንቋ ይጮህ ነበር። አንዲት ቃል እየደጋገመ። ‹ማርያም› የምትል ትመስላለች። የሴት ጓደኛው ስም መስሎኝ ነበር» ይላል።

ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ድምፄን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።

አንድ ምስክር ጥሩ ነው፣ በዚያን ጊዜ የተጻፈ ነገር ሲኖር ደግሞ የበለጠ ይረዳል ተባልኩ። ማስታወሻ ደብተር፣ ደብዳቤ። ደብዳቤ! እማዬ የጻፍኩላትን ሁሉ አስቀምጣለች። ደውዬ ጠየቅኳት፣ ፈልጋ አገኘችው፣ ላከችው። ሳልከፍተው በፊት ተሸነፉ ብዬ ነበር።

የሚለውን ላንብብላችሁ። «ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።» ይሄ ያው የሁላችንም ነው። ከዚያ «ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከእኛ ጋር ያሉ ልጆች መኪና ላይ ፈንጂ ፈንድቶ ነበር። ሁሉም ተርፈዋል። እኔ ያን ቀን ተራዬ ስላልነበር ካምፕ ውስጥ ተኝቼ ነበር። በዜና ብትሰሚ እንዳትደነግጪ።»

ተኝቼ ነበር።

ማስተርጎም ነበረብኝ፣ ሰጠሁ። ተርጓሚው የዋዛ ሰው አይደለም። የካቲት 5 ቀን 1998ን ፌብሩዋሪ 12፣ 2006 ብሎ በጥንቃቄ ቀይሮታል። እንዳለ ቢተወው እኮ አሜሪካን በካርታ እንኳ ባላየሁበት ዓመት ኢራቅ ዘመትኩ ማለት ነበር። ዓመቱን አሰበና ሰዓቱን ረሳው። «ጠዋት 2 ሰዓት»ን በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳለ አስቀመጠው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ፈንጂው የፈነዳው በውድቅት ሌሊት ነው። ምስክሬ ጠዋት 8 ሰዓት ትላለች፤ የእኔ ደብዳቤ ሌሊት 2 ሰዓት ይላል። ያ ሰዓት ላይ ደግሞ «ተኝቼ ነበር» ሲባል እንዴት ያምራል! ውሸቴን አሳመረልኝ።

ሰዓቱን በአንድ ስልክ አስተካከለው። ውሸቱን የሚያስተካክል ተርጓሚ ግን የለም።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ደብዳቤውን መተው እችላለሁ፤ መኖሩን የሚያውቅ የለም። ፎርሙ ላይ ግን እያወቁ በሐሰት መፈረም እንደሚያስቀጣ ተጽፏል፤ እኔም እፈርማለሁ። መተው ውሸት ነው አይደለም የሚለውን ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። በሕግ ምን እንደሚባል ጠበቃ ይንገራችሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ለምንድነው በመጀመሪያ የጻፍኩላት? ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም። ለሆነ ሰው መናገር ነበረብኝ፤ ያለችኝ ደግሞ እሷ ናት። ስለዚህ በሌላ ሰው ስም ነገርኳት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉን ነገር በትክክል ጽፌ ራሴን ብቻ ከመኪናው አወጣሁ። አለቃዬ ረስቶ ያደረገውን እኔ ቀድሜ አውቄ አድርጌዋለሁ።

ላክሁት። ከላዩ አንድ ገጽ ጻፍኩ። «ይህን የጻፍኩት ለእናቴ ነው። ተኝቼ አልነበረም። እንዳትጨነቅ ብዬ ዋሸኋት» የሚል። ከአሜሪካ ጦር ጋር እንዲህ ያለ ደብዳቤ እጻጻፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከምስክሯ ቃል ጋር በአንድ ፖስታ ሄደ። አንዱ ወረቀት ላይ ተኝቻለሁ፣ አንዱ ላይ «ማርያም! ማርያም!» እላለሁ። እስካሁን መልስ የለም። ወራት ይወስዳል።

ከመላኬ በፊት ግን ለእማዬ መንገር ነበረብኝ። ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔኮ ያን ደብዳቤ ቡና ላይ ለጎረቤት ሁሉ ነው ያነበብኩት። ልጄ ተራው አልነበረም እያልኩ» አለች። «ዋሸኸኝ» አለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በደህናው ጆሮዬ።

ሁለት ቀን አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ፎቶ ኮፒውን ነው የምትልክላቸው?»

«አዎ እማዬ።»

«ዋናውን በሰው መልስልኝ። የኔ ነው።»

ቅዳሜ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ።